ከመግዛትሽ በፊት ጋሼን ጠይቂ

ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ ብቻ ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ በዘመዶቹ መካከል አንድ ጋሼ ያልገጠመው ዕድለኛ ነው። እናንተ ልትገዙ ትነሣላችሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይለካ» ብለው መልሰው ያስቀምጧችኋል።

የእኛው ጋሼ ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ናቸው። የሥልጣናቸው ምልክት አንድ የሩጫ ሰዓትና አንድ ባለ መስመር ደብተር ነው። እህታቸው ማቀዝቀዣ ልትቀይር ባለች ጊዜ ክቡርነታቸው ወንበር ስበው ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ፤ በሩን የከፈተ ሁሉ ከነሰዓቱ ተመዘገበ። ጥፋቱ የበሩ ላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ማቀዝቀዣው ዳነ፤ ቤተሰቡ ግን ፈርቶ ሳምንቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ አልቀመሰም። አማቻቸውማ አዲስ ፍራሽ ያስገባው እንደ ሌባ በጓሮ በር ነው።

ከሁሉም ቀልቧ የተገፈፈው ግን የእህታቸው ልጅ ናት። የሕንፃ ንድፍ እየሠራች የምትተዳደር ወጣት ናት። ክሊኒክ ሊያሠራ ያሰበ አንድ ደንበኛ ፊት የሕንፃውን ደረጃ እያዞረች ስታሳይ ኮምፒውተሯ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሰውየው ለሐሙስ ሌላ ቀጠሮ ሰጣት፤ ሦስተኛ እንደማይኖር ግን ፊቱ ይናገር ነበር። ያ ሥራ ካመለጣት የተከራየቻትን ጠባብ ቢሮ መዝጋቷ ነው። የኮምፒውተር ሻጩ ምክሩን አላዘገየም፤ «ያንቺው ዓይነት፣ ዲዲአር ፎር የሚባለው ሜሞሪ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲሱ ዓይነት፣ ዲዲአር ፋይቭ ያለው ኮምፒውተር ውሰጂ» አላት። ልትወስድ ቆርጣ ነበር። ስህተቷ ለእናቷ መናገሯ ነው።

ጋሼ ሰኞ ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ቢሮዋ ከተፍ አሉ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ይለካ።»

«ጋሼ፣ ቀጠሮዬ እኮ ሐሙስ ነው። አሮጌ ነው፣ በቃ።»

«አሮጌማ እኔም ነኝ። የቸገረሽ ፍጥነት ነው ወይስ ቦታ?»

ንድፉን አስከፈቷት። ሜሞሪው ጢም ብሎ ሲሞላና ኮምፒውተሩ ሲንፏቀቅ ሰዓታቸውን እያዩ መዘገቡ።

«ሜሞሪ ማለት ጠረጴዛ ነው» አሉ። «ያንቺ ጠቦ ወረቀትሽ መሬት እየወደቀ ነው። ሻጩ የሚሸጥልሽ ፈጣን ነው፣ አልካድኩም፤ የሚይዘው መጠን ግን ካንቺው ጋር እኩል ነው። ያን ሜሞሪ ለብቻው ልግዛ ብትዪ ደግሞ በዚህ ኮምፒውተር ቦርድ ላይ አይገባም።»

«ታዲያ አዲሱ ፋይዳ የለውም?»

«አለው እንጂ። ይሄ ኮምፒውተር ሲሞት አዲሱን ትገዣለሽ። ለሐሙስ ግን አሮጌውን ዓይነት እጥፍ አድርጊው።»

በልቧ «ንፉግ ሽማግሌ» አለች። እንጀራዋ በሩጫ ሰዓት ሲለካ ማየት አበሳጭቷታል።

ማክሰኞ ጋሼ ሁለት ሜሞሪ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። «ለመለኪያ ነው፤ ስንጨርስ እንነጋገራለን» ብለው ኮምፒውተሯ ውስጥ ባዶ የነበሩት የሜሞሪ ቦታዎች ላይ ሰኩላት። ሕንፃው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ አንዴም ሳይንገጫገጭ ዞረ። ሐሙስ ዕለት ደንበኛው ማውሱን ራሱ ይዞ በየክፍሉ ሲመላለስ ቆየና፣ «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አላት።

በማግስቱ የሜሞሪዎቹን ዋጋ ልትከፍል ጋሼ ቤት ሄደች። እሳቸው አልነበሩም፤ ባለቤታቸው በር ከፈቱላት። ሳሎኑ ጥግ የጋሼ ኮምፒውተር ጎኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሜሞሪው የሚሰካበት ቦታ ባዶ ነው።

«በዚህ ላይ ይጫወት የነበረውን ቼዝ ከማክሰኞ ጀምሮ ጎረቤት ሄዶ ነው የሚጫወተው» አሏት ባለቤታቸው። «እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።»

እዚያው በሩ ላይ ቆማ አፈረች። እኚህን ሰውዬ ምን ያህል እንደምትወዳቸውም ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ በቀጥታ ሱቅ ሄዳ፣ ማንንም ሳታማክር፣ ምንም ሳታስለካ፣ ያንኑ ዓይነት ሁለት ሜሞሪ ገዝታ ወደ ጋሼ ቤት ተመለሰች።

ጋሼ ገብተው ቆይተዋል። ማሸጊያውን አገላብጠው አዩት፤ ዋጋውን ጠየቁ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተበልተሻል። ደረሰኙን አምጪ፣ ነገ እመልሰዋለሁ።»

«ቀድጄዋለሁ ጋሼ።»

ደረሰኝ የሚቀድ ዘመድ በሕይወታቸው ገጥሟቸው አያውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት።

«በይ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዙረው፣ «ካቻቪቴውን አቀብዪኝ።»