አክስቴን ሊያወጣ የወረደው ላንድሮቨር

ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። መኪና ጭቃ ያዘው ተብሎ ፖስት ይደረጋል እንዴ?

ግን ስሙኝማ! እንዲህ ያለ ጅል አይታችሁ አታውቁም።

በደርግ ጊዜ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ለክረምት ሚዛን ተፈሪ፣ ወላጆቼ ቤት ገብቻለሁ። አክስቴ አስካለ ከሸኮ ወዲያ፣ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለ ቡናዋን ልታይ ወርዳ ወባ ጣላት።

«ሐኪም ቶሎ ካላያት አትተርፍም፤ በቃሬዛ ልናወጣት ነው» ብለው ጎረቤቶቿ ሰው ላኩ።

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው?

«በሸክም? አይሆንም! መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ጠብቁኝ በላቸው!»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የለ!

ከአንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ለምኜ አገኘሁ። ሾፌሩ ጋሽ መርጊያ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ፍሬን ያዙ።

«ጓድ ምሁር፣ ይሄ የበቅሎ መንገድ ነው። መኪና ወርዶበት ያውቃል?»

«ያውቃል!» አልኩ። የማውቀው ነገር አልነበረም። እዚያ ድረስ መጥተው ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።

ዝናቡ ውስጥ ወርጄ ከፊት ከፊት እየሄድኩ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጄን አወናጨፍኩ። «ይምጡ! ይምጡ!»

መጡ።

እስከ በሩ ጭቃ ውስጥ!

ሁለት ቀን ቆፈርን። ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ፣ ኮቴን ሳይቀር ጎማው ሥር አነጠፍን። ታች ያሉት ሰዎች ቃሌን አምነው ይጠብቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከታች ብቅ አሉ። አክስቴ ናት! መጠበቁ ሲበዛባቸው ይዘዋት ወጥተዋል።

እዚያ አገር ደግሞ ጭቃ የያዘው መኪና ታልፎ አይኬድም። አክስቴን ዛፍ ሥር ቀስ አድርገው አስቀመጡና ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

«አይዞህ ተማሪው! በሉ ግፉ!»

«ተውት፣ እሷን ይዛችሁ ሂዱ» ማለት ነበረብኝ። ደግነታቸውን እንቢ ማለት ነውር መሰለኝ። አብሬ ገፋሁ!

ግማሽ ቀን ሙሉ።

አክስቴ ቀና ብላ፣ «አንተ ልጅ፣ ልታወጣኝ መጥተህ ተሸካሚዎቼን ቀማኸኝ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ጭምር።

መኪናው ወጣ። አክስቴን ጫንናት። ሸኮ ሳንደርስ ትንፋሿ ቆመ። ጋሽ መርጊያ ሞተሩን አጠፉና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ፣ «የተማረ ልጅ! ገደል ድረስ መኪና አወረደላት!» እያለ መረቀኝ።

አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።

እናንተ ብትሆኑ እውነቱን ትናገሩ ነበር?

አክስቴ ያረፈችው ነሐሴ 19 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።