የመውደቅ ሊቅ

ጡረታ የወጣ ስፖርተኛ የሌለበት ሰፈር የለም። ስፖርቱን ካቆመ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ያሸነፋቸው ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል። የእኛ ኮሌጅ ጋሼ ግን ለየት ይላሉ። የድሮ የነጻ ትግል ስፖርተኛ ናቸው፤ የሚኮሩት ግን እሳቸውን አንስቶ ባፈረጣቸው ሰው ነው።

"ይኼ ትከሻ ይታይሃል?" ይሉኛል፣ ሻይ ይዤ ሳልፍ አስቁመው። "ይኼን ያወለቀው እኮ ተራ ሰው አይደለም! ሻምፒዮን ነው!"

ክቡርነታቸው በሃያ ሁለት ዓመት የትግል ዘመናቸው ያሸነፉት አራት ጊዜ ነው። ከአራቱ አንዱን ያሸነፉት ተጋጣሚያቸው ስለቀረ ነው።

ኮሌጃችን የገቡት የስፖርት ዕቃ ክፍል ጠባቂ ሆነው ነበር። የሴቶቹ የትግል ቡድን አሰልጣኝ በመሀል ጥሎ ሲሄድ፣ ዲኑ "ሰው እስኪገኝ ለሁለት ሳምንት" ብለው ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው። ሁለት ሳምንቱ ዓመት ሆነ።

ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነኝ። ቦታ ጠቦኝ መጻሕፍቴ በካርቶን ኮሪደር ላይ ተከምረዋል። ዓይኔን የጣልኩት የትግል አዳራሹ ላይ ነበር፤ ይሰጠኝ ብዬም ለዲኑ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሴቶቹ አንድም ግጥሚያ አሸንፈው አያውቁም፤ ዲኑም "ዘንድሮ አንዷ እንኳ ካላሸነፈች ቡድኑ ይፈርሳል፣ አዳራሹም ያንተ ነው" ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ ሲያሰለጥኑ፣ እኔ ሜትር ይዤ ግድግዳውን እለካለሁ።

ምን ሲያስተምሩ መሰላችሁ? መውደቅ! ሁለት ወር ሙሉ!

"አገጭሽን ወደ ደረትሽ! በእጅሽ አትደገፊ! ተነሺ! በይ እንደገና ውደቂ!"

አንድ ቀን ቀጭኗ የሂሳብ ተማሪ ትዕግሥቷ አለቀ። "ጋሼ፣ መጣል የምንማረው መቼ ነው?"

"መውደቅ እየፈራሽ እንዴት ትጠጊያታለሽ? ሳትጠጊያትስ በምን ትጥያታለሽ?"

እኔ በልቤ መደርደሪያ ማዘዝ ጀመርኩ።

የውድድሩ ቀን ከስድስቱ ልጆች አምስቱ ተራ በተራ ተዘረሩ። አወዳደቃቸው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። የቀረችው የሂሳብ ተማሪዋ ናት። ተጋጣሚዋ እጥፏን የምታህል ልጅ ነበረች፤ ብድግ አድርጋ ወረወረቻት። በቃ አለቀ ስንል የእኛዋ ልጅ ፍራሹ ላይ ተንከባልላ ተነሳች። የወረወረቻት ልጅ ገና ቀና ሳትል እግሯን ይዛ ገለበጠቻትና በጀርባዋ አጣበቀቻት።

"ያዣት! እንዳትለቂያት!" የሚል ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ጯሂው እኔ ነበርኩ።

ጋሼ እንባቸውን በፊሽካው ገመድ ጠርገው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ተሸነፈችው ልጅ ነው። ክንዷን አገላብጠው አዩና ደግፈው አስነሷት። ቀጥሎ እኔ ጋ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አዳራሹን እንደምትፈልገው አውቅ ነበር" አሉኝ። "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ።"

አሸንፎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አቀፍኳቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ዲኑ ጋ ገብቼ ማመልከቻዬን መልሱልኝ አልኩ።

"መጻሕፍቱስ?" አሉኝ።

"ኮሪደሩ ይበቃናል።"