ትሪው እንዳይመለስ የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት (የተጀመረው አራት ተኩል ላይ ነው)

ቦታ፦ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካው መጋዘን፣ ከአዲሱ አውቶማቲክ መደርደሪያ ፊት ለፊት። የአዳራሹ ቁልፍ ጠፍቷል።

የተገኙ፦ ሥራ አስኪያጁ (ሰብሳቢ)፣ የመገጣጠሚያ ክፍል ኃላፊዋ፣ የግዢ ኃላፊው (የሰብሳቢው የሚስት ወንድም)፣ የሒሳብ ኃላፊው (በሠራተኛው አጠራር ጋሼ ማኅተም) እና የመጋዘኑ ሠራተኛ (ጸሐፊ)

ያልተገኘ፦ መደርደሪያውን የተከለው ቴክኒሻን። ሲደወልለት “ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ” ብሏል። በር ላይ የለም።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ጸሐፊ የተደረገው አጀንዳ ሁለት እሱን ስለሚመለከትና ጸሐፊ የመናገር መብት ስለሌለው መሆኑ ተገልጾለታል። ጸሐፊው ቅር ብሎታል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ምርት መቀነስ

ሰብሳቢው፣ መደርደሪያው ቁልፉን ሲጫኑት የተፈለገውን ዕቃ ከላይ አውርዶ በትሪ ስለሚያቀርብ ምርት በእጥፍ ያድጋል ተብሎ ሳለ በግማሽ የቀነሰው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል።

የመገጣጠሚያ ኃላፊዋ እንዳስረዱት፣ በፋብሪካው ልማድ አንድ ብሎን እንኳ ከመጋዘን የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው፤ የእሳቸው፣ የግዢና የሒሳብ። ፈራሚ ፍለጋ ሲኬድ ትሪው ጥቂት ይጠብቅና የሚያነሣለት ሲያጣ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል። ትናንት አንድ ስፖኪዮ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ እዚያው ላይ አድሯል። “ግዢ ሲፈርምልኝ ሒሳብ ምሳ ወጥቷል፤ ሒሳብ ሲመለስ ግዢ ስልክ ላይ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ልብረር?” ብለዋል። የግዢ ኃላፊው ስልኩ የሥራ እንደነበር እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

ኃላፊዋ ፊርማው ወደ አንድ ይቀነስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ጋሼ ማኅተም “እኔ በቁሜ እያለሁ!” ብለው ተነሥተዋል። እንዲቀመጡ ተለምነው ተቀምጠዋል፤ ሐሳቡም አብሮ ተቀምጧል።

የግዢ ኃላፊው ማሽኑ ራሱ ይፈርም ብለዋል። ጋሼ ማኅተም፣ ዕቃ ቢጎድል ከማን ደመወዝ ሊቆረጥ ነው ሲሉ ጠይቀዋል። የግዢ ኃላፊው ሐሳባቸውን መልሰው ወስደዋል።

ትሪው ላይ እጅ ካለ ማሽኑ እንደማይንቀሳቀስ ስለታወቀ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ፊርማው እስኪሟላ እጁን ትሪው ላይ አድርጎ የሚቆም ሰው እንዲመደብ ተወስኗል። የግዢ ኃላፊው መደቡ “የአውቶሜሽን ያዥ” ይባል ያሉት በጭብጨባ ጸድቋል። ያጨበጨቡት ሰብሳቢው ናቸው።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ መጋዘኑ ሠራተኛ

የመጋዘኑን ሥራ ማሽኑ ስለወሰደው ሠራተኛው ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይሰናበት የሚል ሐሳብ ከግዢ ኃላፊው ቀርቦ ተወስኗል። ጸሐፊው እጁን አውጥቷል። ጸሐፊ እንደማይናገር ተነግሮት አውርዷል። ልጆች እንዳሉት ቤቱ ያውቃል፤ ይህን የጻፈው መናገር ስለተከለከለ ነው።

ኃላፊዋ “ምን በደለ ወንድሜ? ይልቅ ያዡ እሱ ይሁና!” ብለዋል።

ጋሼ ማኅተም፣ ያዥ የያዘውን ሁሉ ፈርሞ መረከብ እንዳለበት አስታውቀዋል። ርክክቡ ከትሪው ይጀመር ተባለ። ትሪው ከመደርደሪያው ስለማይነጠል መደርደሪያውም እንዲጨመር፣ መደርደሪያው ሙሉ ስለሆነ በውስጡ ያለውም እንዲቆጠር ታዘዘ። የግዢ ኃላፊው ቁልፉን ተጭነው ሊያስቆጥሩ ሲሞክሩ ትሪው መጣና ተመለሰ። ጋሼ ማኅተም “የሚሮጥ ንብረት አይቆጠርም!” ብለው ተቆጥተዋል። ሰብሳቢው ርቧቸዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ የመደርደሪያው ኤሌክትሪክ ይቋረጥ። በውስጡ ያለው ዕቃ በመሰላል ወርዶ ድሮ በነበረበት ይደርደር። መደርደሪያው ራሱ እንደማንኛውም ትርፍ ዕቃ መጋዘን ይግባ፤ ያለው እዚያው ስለሆነ የማጓጓዣ ወጪ የለበትም። የያዡ መደብም ሆነ ስንብቱ፣ ከዚህ ውሳኔ በፊት ዛሬ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ተረካቢ፦ ጸሐፊው።

ኃላፊዋ “ምርቱስ?” ሲሉ የጠየቁት ሌሎቹ ለምሳ ከወጡ በኋላ ነው።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ጸሐፊው የመናገር መብቱ ስለተመለሰለት ወዲያው ለሚስቱ ደውሎ፣ “ቀረሁ እኮ! ያባረሩት ማሽኑን ነው!” ብሏል።