አንድ የመንግሥት መንቀጥቀጥ ስለ መጥፋቱ

በፑንጃብ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ እንደኛ የመስኖ ቦይ ጽሕፈት ቤት ጥንቁቅ ግን የለም። እኛ ዘንድ ውኃ እንኳ ያለ ፊርማ አይፈስም። ስለዚህ የጽሕፈት ቤታችን ብቸኛ ጂፕ ነዳጅ ሲሰጡት መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ ነገሩን በዋዛ ያለፍነው እንዳይመስላችሁ።

መንቀጥቀጡን በመጀመሪያ ያወቀው ሾፌሩ ጋሼ ኑር ኢላሂ ነው። ሠላሳ ዓመት የነዳ፣ ለጡረታው ሰባት ወር የቀረው ሰው ነው። ማንንም ሳያማክር ጂፑን መካኒክ ላል ዲን ዘንድ ወሰደው።

«ሲረግጡት ይንቀጠቀጣል፣ ሲለቁት ይተዋል?» አለ ላል ዲን።

«ልክ እንደሱ።»

«እንግዲያው ጎማ አይደለም። ጎማ ቢሆን እርስዎ ቢለቁትም እሱ አይለቅዎትም ነበር። እስቲ ፍሬን ይያዙና ማርሽ አስገብተው ትንሽ ይርገጡ።»

ጋሼ ኑር ረገጠ። ሞተሩ እንደ ፍየል ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ይኸው! ከሞተሩ ሥር ያለው ላስቲክ ተቆርጧል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ አሁኑኑ ልቀይርልዎ?»

«ሳይፈረም? የመንግሥት እኮ ነው!»

«ፊርማ ሞተር ይሸከማል እንዴ?» አለ ላል ዲን። ያልተማረ ሰው ስለሆነ አንፈርድበትም።

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ኢምቲያዝ ሎዲ፣ ሁላችንም «ሳሂብ» ማለትም ጌታዬ የምንላቸው፣ ግን የተማሩ ናቸው። «ብልሽት የሚጠገነው በቅድሚያ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው» ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው እርሳቸው፣ አባሉ ዋና ጸሐፊው በሺር ሆኑ። ኮሚቴው ወተት ሻይና ሳምቡሳውን ይዞ ጂፑ ላይ ወጣ። ሳሂብ በተሳፈሩ ጊዜ፣ ሻያቸው እንዳይፈስ፣ በሰዓት ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት በመመሪያ የተከለከለ ነው። ጋሼ ኑር በሃያ ነዳ።

«ንቅንቅ አለ?» ሲሉ ጠየቁ ሳሂብ።

«ኧረ ሻዩም አልተነቃነቀ፣ ጌታዬ» አለ በሺር።

«ሳሂብ፣ በሃያ እኮ የበሬ ጋሪም አይንቀጠቀጥም። ትንሽ ልርገጠው?»

«ኮሚቴ አሳፍረህ?»

ጋሼ ኑር በሃያው ቀጠለ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ «መኪናው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። ሾፌሩ ግን ስለ መንቀጥቀጥ ሲጠየቅ እጁ ሲንቀጠቀጥ ታይቷል። ስለዚህ ብልሽቱ የሚገኘው በመሪውና በመቀመጫው መካከል ስለሆነ፣ ያለ ጡረታ እንዲሰናበት ተወስኗል።» አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም።

«በሺር፣ ልጄ፣ ሰባት ወር እኮ ነው የቀረኝ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ? በአንድ ድምፅ ነው የጸደቀው።»

«ሁለት አልነበራችሁም?»

«አንዱ ድምፅ የሳሂብ ነዋ።»

የስንብቱ ደብዳቤ ሐሙስ ጠዋት ለፊርማ ቀረበ። ሳሂብ አንድ ነጠላ ሰረዝ ስላልጣማቸው ከበሺር ጋር ሲከራከሩ ቆዩ። ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ ለአዲሱ ቦይ ምረቃ የሚመጡት ኮሚሽነር ሊደርሱ አሥር ደቂቃ ቀርቷቸዋል። ደብዳቤውን ሳይፈርሙ ጠረጴዛው ላይ ጥለው፣ ሮጠው ጂፑ ውስጥ ገቡ።

«ንዳው!»

«ሳሂብ፣ መመሪያው ሃያ…»

«ሃያህን ይዘህ ገደል ግባ! እርገጠው!»

ጋሼ ኑር ረገጠው። የሠላሳ ዓመት ታዛዥነቱን ሁሉ አሳርፎ ረገጠው። ሳሂብ ቦዩ ዳር ሲወርዱ ጉልበታቸው፣ አገጫቸው፣ የንግግር ወረቀታቸው ሁሉ ለየብቻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ክ-ክ-ክቡር ኮ-ኮሚሽነር…»

የኮሚሽነሩ ዓይን እንባ አቀረረ። «በዚህ አገር ሹም አክብሮ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጠፍቷል እያልኩ ነበር! ነገ ቢሮዬ ና። ምክትሌ ትሆናለህ።»

ሳሂብ በደስታ ደብዳቤውን መፈረም ረሱ። ጋሼ ኑር ግን ጠረጴዛው ላይ መተኛቱን አልረሳም። ሳሂብ መንቀጥቀጡን በገዛ ጉልበታቸው ስላረጋገጡ፣ ቢጠገን ደስ ይላቸዋል፣ ይምሩኛልም ብሎ ከሰዓት በኋላ ላል ዲን ዘንድ ሄደ። ላል ዲን እንዳለው፣ ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው።

በማግስቱ ሳሂብ እንደ ትናንቱ ተንቀጥቅጠው ኮሚሽነሩ ቢሮ ለመድረስ «እርገጠው!» አሉ። ጂፑ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ። «በደንብ እርገጠው እንጂ!» ቢሉም ተንሸራተተ። ኮሚሽነሩ ፊት እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆሙ። በራሳቸው ሊንቀጠቀጡ ሞከሩ፤ ብርድ የያዘው ሰው መሰሉ።

«በአንድ ሌሊት እንዲህ ኮራህ?» አሉ ኮሚሽነሩ። «ወደ ቦይህ ተመለስ።»

ሳሂብ ተመልሰው የቀድሞውን ደብዳቤ ቀደዱና የባሰ ነው ያሉትን ጻፉ፦ «ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ንብረት ላይ አንድ (1) መንቀጥቀጥ ስላጎደሉ፣ በነበረበት ሁኔታ ፈልገው እስኪያስረክቡ ድረስ፣ በደመወዝዎ በሥራ ላይ ሆነው ይጠየቁበታል እንጂ በምንም ምክንያት አይሰናበቱም።»

ጋሼ ኑር መቀበሉን ፈረመ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሥራ ሰዓት፣ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ቦዩን ተከትሎ ሲፈልግ ይውላል።

«ጋሼ፣ ተገኘ?» እንለዋለን።

«እየተቃረብኩ ነው» ይላል። «ኢንሻአላህ፣ በሰባት ወር ውስጥ አይገኝም።»