የድህነት ምስክር

ድሃ መሆን ቀላል ነው፤ ችግሩ ማረጋገጡ ላይ ነው። ሀብታምን «ሀብታም መሆንህን አስመስክር» የሚለው የለም። መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ዘበኛው ራሱ ብድግ ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ድሃው ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን ድህነቱን ይዞ ቀበሌ ሲሄድ «ማስረጃ አለዎት?» ይባላል። ምን ይዞ ይሂድ እንግዲህ? ያለውንማ ማንም ያሳያል። የሌለውን ነገር በምን ፌስታል ቋጥሮ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል?

ይህን ስል ቀበሌን ማማቴ አይደለም። የሚሰጠው ቤት ጥቂት፣ የሚለምነው ሰው ብዙ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያድል አልጠብቅም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ድሃ ሳይሆን የድሃ ወረቀት የሚያወጣ ሰው በሰፈራችን ነበር። አንዱን አውቀዋለሁ። ቀበሌ ሲሄድ ብቻ የሚለብሰው የተቀደደ ኮት ነበረው፤ ሲመለስ ኮቱን አራግፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅለዋል። ስሙን አልጠራም፣ እስከ ዛሬ ላንቻ አካባቢ ሰላም እንባባላለን። እና ቀበሌ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። የምፈርድበት ሌላ ሰው አለ፣ እሱን ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ የሆነው ቀበሌ ገና ቀበሌ በሚባልበት ዘመን ነው። እኔ ካዛንቺስ፣ ከአባቴ በተላለፈልኝ የቀበሌ ቤት እኖር ነበር። ኦሎምፒያ አጠገብ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። መዝገብ ቤት ብዙ የቆየ ሰው አንድ አመል ያወጣል፤ ማመልከቻ መጻፍ ይጣፍጠዋል። የሰፈሩ ማመልከቻም ወደ እኔ ይመጣል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲታገድ፣ የውሃ ቆጣሪ ሲበላሽ፣ ባልና ሚስት ሲካሰሱ (አንዳንዴ ለሁለቱም ጽፌያለሁ)፣ እስክሪብቶዬን አንስቼ «ጉዳዩ፦» ብዬ ስጀምር የሚሰማኝን ደስታ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

እትዬ በላይነሽ ከአጥራችን ማዶ፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ስድሳን ያለፉ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው፣ በየቤቱ እየዞሩ ልብስ አጥበው የሚያድሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን አከራያቸው ሞቱ። ወራሾቹ ተስማሙ፤ ወራሾች ከተስማሙ ደግሞ ለተከራይ ደህና አይደለም። ግቢው ሊሸጥ፣ በቦታው ፎቅ ሊቆም ሆነና ተከራዮቹ በሦስት ወር ውስጥ እንዲለቁ ተነገራቸው።

እትዬ በማግሥቱ መጡ። «እስቲ አንድ ወረቀት ጻፍልኝ» አሉኝ። ከኛ ቤት ጀርባ አንዲት የቀበሌ ክፍል ባዶ ሆና ነበር፤ ለ«የድሃ ድሃ» ትሰጣለች ተብሏል። ድሃ ብቻ መሆን አይበቃም፤ ከድሃም ድሃ መሆን ያስፈልጋል። እኔም በቅንነት፣ ከከተማ ወጣ ቢሉ ርካሽ ኪራይ እንደማይጠፋ ነገርኳቸው።

«እዚያ ማን ያውቀኛል?» አሉ። «የማጥብላቸው ሰዎች እዚህ፣ እድሬ እዚህ። ብሞትስ ማን ያነሳኛል?»

በቃ፣ ጉዳዩ ይሄ ነበር። እትዬ በሚያውቋቸው ሰዎች መሀል መሞት ፈልገው ነው ቤት የሚለምኑት። ይህን ግን ማመልከቻ ላይ አይጽፉትም፣ «ጉዳዩ፦ በሰፈሬ ለመሞት» አይባልም። ስለዚህ እንደ ወጉ ጻፍኩት፤ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው፣ የዕለት ጉርስ ያጡ፣ አንዲት መቀመጫ እንኳ የሌላቸው ብዬ። ሳነብላቸው መቀመጫው ላይ ስደርስ ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ዱካ አለኝ እኮ» አሉ።

«ዱካ አይቆጠርም፣ እትዬ።»

ማመልከቻው ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴ ቤታቸውን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ኮሚቴው የሚመጣው ድህነት ሊያይ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እትዬ ያውቃሉ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ሚስት ሙኒራም ታውቃለች። ግን «ኮሚቴ» የሚለው ቃል ከአፋችን ወጥቶ ጆሯችን እስኪደርስ መንገድ ላይ «እንግዳ» ሆነብን። እንግዳ ሲመጣ የሚደረገው ደግሞ የታወቀ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሙኒራ ምንጣፏንና ብርጭቆዎቿን ይዛ መጣች። የሠርጓን አልጋ ልብስ አውጥታ የእትዬን አልጋ አለበሰችው። ባለቤቴ መጋረጃችንን አውልቃ ወሰደች። እኔ፣ «አንዲት መቀመጫ እንኳ የሌላቸው» ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሰውዬ፣ ሁለት ባለስፖንጅ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ተሸክሜ ገባሁ። ሰው ቤት የመጣ ኮሚቴ ቆሞ አይሄድም መቼም። ስንጨርስ በራፉ ላይ ተሰብስበን አየናት። ክፍሏ አምሮባታል፣ ደስ አለን። «ምን እየሠራን ነው?» ያለ አንድ ሰው ከመሀላችን አልወጣም።

ኮሚቴዎቹ ሦስት ነበሩ፦ ሊቀመንበሩ፣ ዝም ብላ ግድግዳውን የምታይ አንዲት ሴትና ፎርም የያዘ ወጣት ጸሐፊ። ወንዶቹ ሁለቱ ወንበሮቼ ላይ፣ ሴትየዋ የሙኒራ አልጋ ልብስ ላይ ተቀመጡ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ቆመው ያስተናግዳሉ።

«ማለቴ፣ እማማ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» አለ ጸሐፊው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ?»

«የምግብ ነገርስ፣ ማለቴ፣ ይቸገራሉ?»

«ኧረ ጠጣ ልጄ። ዳቦውን አልነካችሁትም እኮ።»

እኔ በራፉ ላይ ነበርኩ። ዓይኔን ብጠቅስ አያዩኝም። ጉሮሮዬን ስጠርግ «ውሃ ስጡት» አሉ። ምን ላድርግ? ለ«እንዴት ነዎት» እውነተኛ መልስ የሚሰጥ ሰው እኔም አይቼ አላውቅም። ጸሐፊው አጎንብሶ የሰማውን ይጽፋል።

በአሥረኛው ቀን መልሱ መጣ። «አመልካቿ የተሟላ የቤት ዕቃ ያላቸው ከመሆኑም በላይ፣ ምንም የጎደለባቸው ነገር አለመኖሩን በራሳቸው አንደበት ያረጋገጡ በመሆኑ፣ ከመስፈርቱ በላይ ሆነው ተገኝተዋል» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሕተት አላገኘሁበትም።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

«ሀብታም ነዎት ይላል።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው አልቆ ዱካቸው ላይ ቁጭ አሉ። በዚያ ሳምንት ሌሎቹ ተከራዮች አንድ በአንድ ዕቃቸውን እየጫኑ ወጥተው ነበር። ወራሾቹ ባዶ የቀሩትን ክፍሎች ቆርቆሮ ማንሳት ጀምረዋል፣ እትዬ ከግድግዳው ማዶ ሚስማር ሲነቀል እየሰሙ ያድራሉ።

ቅሬታ ጻፍኩ። ቀበሌውም ፈቀደ፤ ሦስት ጎረቤቶች አመልካቿ ባሉበት ችግረኛነታቸውን ይመስክሩ ተባለ። ሙኒራ፣ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌርና እኔ ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሌላም ሰው ነበር። እትዬ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ፊት ለፊታችን አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሙኒራ ተጠየቀች። «ወይዘሮ በላይነሽ ችግረኛ ናቸው?» ሙኒራ እትዬን አየቻቸው።

«እትዬ ሰው አያስቸግሩም» አለች።

«ጥያቄው እሱ አይደለም።»

«ደግ ናቸው። ለልጆቼ እናት ማለት ናቸው።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጋሽ ተካልኝ ባሰባቸው፤ «እሳቸው ከማን ያንሳሉ?» አሉ በቁጣ፣ ጠያቂውን የተሳደበ ይመስል እየገላመጡ። ሁለቱም ምን ማለት እንዳለባቸው አልጠፋቸውም። አፋቸው ግን እምቢ አለ። የሚያውቁትን እንደማያውቁ ሆነው ስንት ዓመት ኖረዋል፣ በሰፈራችን ጉርብትና የሚባለው ትልቁ ክፍል ይኸው ነው፣ እና በአንድ ጠዋት ከየት አምጥተው ይናገሩት? ሁለቱ በፍቅር ብዛት ክፍሏን እያሳጧቸው ነበር።

ተነሣሁ።

በክረምት ጣሪያው ስለሚያፈስ አልጋቸውን በአንድ ሌሊት ሦስት ቦታ እንደሚያዛውሩ ተናገርኩ። ያለቻቸው ነጠላ አንዲት መሆኗን፣ ታጥባ ገመድ ላይ በዋለችበት ቀን በራቸውን ዘግተው እንደሚውሉ ተናገርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሲመጣባቸው «ጾም ነኝ» እንደሚሉ፣ ዓርብ ረቡዕ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳም «ጾም ነኝ» ብለውን እንደሚያውቁ፣ እኛም «በርቱ» ብለን እንደምንመለስ ተናገርኩ። ምንጣፉ የማን፣ መጋረጃው የማን፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ በዝርዝር አስረዳሁ። ጸሐፊው እጁ አልደርስ እያለው ይጽፋል። እና ልንገራችሁ፣ ይህን የነገርኩት ሰው የለም፣ መሀል ላይ ስደርስ ጣፈጠኝ። ቃሉ እየመጣልኝ ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ አወራሁ። እንደምፈርድበት የነገርኳችሁ ሰውም ይኸው ነው።

እትዬ ወለሉን እያዩ ነበር። ምስክርነቴ ጮክ ተብሎ ከተነበበ በኋላ ጸሐፊው ዞር ብሎ «ማለቴ፣ እማማ፣ እውነት ነው?» አላቸው።

«ካለ እውነት ነው» አሉ፣ አውራ ጣታቸውንም ቀለም ውስጥ ነክረው ፈረሙ።

ስማቸው «የድሃ ድሃ» ከሚል ርእስ ሥር፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ለሰባት ቀን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ተቃዋሚ አልቀረበም። በእነዚያ ሰባት ቀናት እትዬ ልብስ ሊያጥቡ የሚሄዱት በሰሌዳው በኩል ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ዞረው እንደነበር ሙኒራ ነገረችኝ። በስምንተኛው ቀን ቁልፍ ተቀበሉ። ዕቃቸውን ሲያጓጉዙ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሁለት ምልልስ አልፈጀም አሉ።

ቅዳሜ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ። በር ከፈቱልኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ።»

ዳቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «እርስዎ ባይኖሩ ቤቱን አላገኘውም ነበር።»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። በአሥራ ሰባት ዓመት ጉርብትና ከ«አንተ» በቀር ጠርተውኝ አያውቁም። «እርስዎ» ያሉት እኔን ነው። «ባለቤትዎስ ደህና ናቸው?» አሉ ቀጥለው፣ የሰፈሩ ሁሉ አንቺ የሚላትን ባለቤቴን። ደህና ናት አልኩ። እሳቸውም ደህና መሆናቸውን ነገሩኝ። ግባ የሚለኝም ስለሌለ ከበራፉ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በዚያች ክፍል ስድስት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱም እንደተመኙት ሆነ፤ እድርተኛው ወጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ቀበራቸው፣ እኔም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ባለቤቴ «ዋናው ቤቱን ማግኘታቸው ነው» ትለኛለች። ትክክል ናት፣ ያለ እኔ ምስክርነት አያገኙትም ነበር፣ ዛሬም ቢሆን ከመመስከር የተሻለ መላ አይታየኝም። ግን በእነዚያ ስድስት ዓመታት መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ጎንበስ ብለው፣ እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ «እንዴት ዋሉ?» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው «አንተ» እንዲሉኝ ጠበቅሁ። እትዬ በላይነሽ አልተሳሳቱም።