ክቡር እሱማ እና ሸሪኩ ብል

በየቤተሰቡ አንድ አለ፤ ልጅ የጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ፣ የማያውቀውን ደግሞ ከሚያውቀው አስበልጦ የሚመልስ ሰው። «እኛ ቤት እንኳ የለም» የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ አስቡ። ካጣችሁት ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛ ቤቱ ታላቅ ወንድሜ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም ከእኛ ቤት ጥግ ላይ ናት። ጥያቄ ሲመጣለት የስፌት መኪናውን ያቆምና፣ በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እያወጣ ኮሌታው ላይ ይሰካና «እሱማ ግልጽ ነው!» ይላል። ከዚያ ወዲያ ግልጽ የነበረው ሁሉ ይደፈርሳል። ሰፈሩም ክቡር እሱማ የሚለው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ያሰፋው ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልደርስ ብሎት ተቆጥቶ መጣ። ክቡር እሱማ ዙሪያውን ዞሮ አየው። «እሱማ ግልጽ ነው! ሱሪው አላጠረም። አንተ ነህ ከለካሁህ ወዲህ ያደግኸው።» ሰውየው የልጅ ልጅ ያየ ነው። ግን ምን ይደረግ፣ መስታወት ፊት ትንሽ ቀጥ ብሎ ቆመና ደስ ብሎት ሄደ።

እኔ ደግሞ አንዲት ልጅ አለችኝ። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ ጥያቄዋን ትጀምራለች። ውሃ ለምን ቀለም የለውም? ድመት ለምን አታመሰግንም? እኔ «አባትሽን ጠይቂ» እላለሁ፤ አባቷ «እናትሽን ጠይቂ» ይላል። እንዲህ ስንቀባበላት ሰልችቷት ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ቢምቢ የነከሳትን ክንዷን እያከከች የአጎቷ ሱቅ ገባች። እኔም የማስጠብበው ቀሚስ ይዤ ተከተልኳት።

«አጎቴ፣ እነዚህ ነፍሳት ሁሉ ለምን ተፈጠሩ?»

ስፒሎቹ ኮሌታው ላይ ተሰኩ። «እሱማ ግልጽ ነው፣ የኔ እናት! ሁሉም ሥራ ተሰጥቷቸው ነው።»

«ዝንብስ?»

«ዝንብ ተቆጣጣሪ ናት። ምግብ ሳይከደን ስታገኝ ዘው ብላ ትገባለች።»

«ቢምቢስ?»

«የማታ ጥበቃ። መስኮትሽን ሳትዘጊ እንዳትተኚ።»

«በረሮስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ተቸገረ። «በረሮ... በረሮ ጡረታ የወጣ ነው።»

እኔ ሳቄን ለማፈን ቀሚሱን አፌ ላይ ያዝኩ። ልጄ ግን የምትሰማው እንደ ዜና ነው። ጥግ ላይ የተሰቀሉትን ኮቶች እያየች «ብልስ?» አለች።

«ብልማ የኔ ሸሪክ ነው! ብል የሰው ኮት ይበሳል፣ ሰውየው ወደኔ ይመጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ብል ባይኖር ልብስ ሰፊ በምን ይኖራል?» አለና ወደኔ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን እንኳ እሱም ትቶኛል። ሰዉ ሁሉ የተሰፋ ይገዛል። በዚህ ከቀጠለ ሱቋን መዝጋቴ ነው፣ እህቴ።»

ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ምንም አልጠቀመም። የልጄ ጆሮ ዝቅ ያለውን ነው አጥርቶ የሚሰማው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ይዛ ከርማለች፤ እኛ አናውቅም። ቁም ሳጥን ግርጌ የተረሳ አሮጌ የሱፍ ካልሲ ነበረን፤ ብል የሰፈረበት። እሱን ጠቅልላ ወስዳ፣ አጎቷ ዞር ሲልላት፣ ከተሰቀሉት ኮቶች ሁሉ ምርጥ የመሰላትን መርጣ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ምርጫዋን አደንቃለሁ። ጡረታ የወጡት የሰፈራችን ዳኛ ኮት ነበር።

ዳኛው ገበሩን አስቀይረው፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ ብለው ሳይወስዱት የቆዩ ናቸው። ለወንድሜ የቀሩት ጥቂት ደንበኞችም ቢሆኑ አብዛኞቹ እሳቸው የላኳቸው ናቸው። ብርዱ ሲጀምር መጡ። እኔና ልጄም እዚያው ነበርን። ወንድሜ ኮቱን በክብር አራግፎ ወደ ብርሃኑ ሲዘረጋው፣ ብርሃኑ ከወዲያ ወደዚህ አለፈ። ጀርባው ወንፊት ሆኗል።

ልጄ አጨበጨበች። «ሥራ መጣልህ አጎቴ! ሸሪክህን እኔ ነኝ ያመጣሁልህ!»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ፣ ፍርድ ቤት ይጠይቁበት በነበረው ድምፅ። ወንድሜ ኪሱ ውስጥ እጁን ሰዶ ካልሲውን አወጣ፣ አየው፣ አጣጥፎ የራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ የነገርኳትን ነው ያደረገችው። ክር በክር ጠቅሜ እንደነበረ አድርጌ እሰጥዎታለሁ፤ ካልወደዱት የራሴን ጨርቅ አውጥቼ አዲስ እሰፋልዎታለሁ።»

ዳኛው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «እንደነበረ ይሁን» ብለው ወጡ። ልጄ አንዴ በሩን፣ አንዴ ኮቱን፣ አንዴ የአጎቷን ፊት አየች። ያኔ ገባት። እዬዬ ብላ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

ዝምታውም ቤት ድረስ ተከትሎን መጣ፤ መጥቶም አልሄድ አለ። ጥያቄ የለ፣ «ለምን» የለ። ከሰጠናት ትበላለች፣ ተኚ ስንላት ትተኛለች። ያን ያህል ዘመን «እባክሽ አንድ አፍታ ዝም በይ» ስላት የኖርኩት እኔ፣ ያማረኝን አገኘሁ፤ አንጀቴን በላው። አባቷ አንድ ማታ ተጨንቆ «ድመት ግን ለምን አታመሰግንም?» ብሎ ጠየቃት። «አላውቅም» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። ኮቱን አቅፎ ጎንበስ ብሎ እየጠቀመ ነበር፤ ዓይኑ ደም መስሏል። ምንም አልመለሰልኝም። እሱ! ምንም!

በማግስቱ ክር በክር ሆኖ ቤታችን መጣና፣ ልጄ አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከክብሪት ቀፎ ውስጥ አንዲት ጥቁር ጥንዚዛ አውጥቶ ወለሉ ላይ አኖራት።

«መኪናዬ ላይ አገኘኋት። ለምን እንደተፈጠረች ሳስብ አደርኩ፤ አቃተኝ። አንቺ ንገሪኝ።»

«አልነግርህም። እሳሳታለሁ።»

«ብትሳሳቺስ? እኔ ስሳሳት ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። እይኝ፣ ምን ሆንኩ? ወፈርኩ እንጂ!»

ልትስቅ ብላ ተወችው። ጥንዚዛዋ የምንጣፉን ጫፍ ለመውጣት ትታገላለች፤ ትወድቃለች፣ ተገልብጣ ትንፈራገጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ልጄ ቀስ በቀስ በሆዷ ተኛችና አገጯን ምንጣፉ ላይ አሳርፋ ታያት ጀመር። ቆይታ ቆይታ ቀና አለች።

«ለራሷ ነዋ!»

«እንዴት ለራሷ?»

«ለራሷ ነው የተፈጠረችው። ለማን ሊሆን ነው? እኛን መች አየችን?»

ወንድሜም አጠገቧ በሆዱ ተኛና ጥንዚዛዋን ያያት ጀመር። ይሄኔ ልጄ ክርኑን ጎተተችው።

«አጎቴ፣ ግን ለምንድነው ጀርባዋ የሚያብረቀርቀው? ማን ይወለውላታል?»

ወጥ ቤት የረሳሁት ነገር ያለ አስመስዬ ገባሁና አለቀስኩ። ስለ ወንድሜ እስካሁን ያወራሁትን አልሰርዝም፤ ግን እንዲህ ወድጄው አላውቅም። ከወዲያ ድምፁ ይሰማኛል፤ ጥንዚዛ ሌሊት ሌሊት ጀርባዋን ቅጠል ላይ እያሸች ስለምትቀባው ቅባት ይተርካል።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«ግማሹን» አላት።

ሙሉውም ውሸት ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።