ክቡር ትውልድ ቆጣሪ ዝም ያሉበት እሁድ

ጌም በሚጫወቱበት ቤት ሁሉ፣ ጆይስቲክ ከማይነካው ሰው የበለጠ አድካሚ ፍጡር የለም። ተጫዋቹ በላብ ተጠምቆ ከጭራቅ ጋር ሲተናነቅ እሱ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ የጭራቁን ዘር ማንዘር ይቆጥራል።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ታላቅ ወንድም የዚህ ወገን አውራ ነው። ቀን መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ ቤት ሲገባ ግን እህቱ «ክቡር ትውልድ ቆጣሪ» የምትላቸው ሊቅ ይሆናሉ። ቦስ ማለት በየምዕራፉ መጨረሻ መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ ግዙፍ ጠላት ነው። ለእህትየው መጣል ያለበት ባላንጣ ነው፤ ለክቡርነታቸው ግን «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ የሚጠየቅ እንግዳ።

«ቆይ፣ ቆይ! ይሄ ጎራዴ እኮ ከሌላ ጌም የመጣ ነው!»

«ልሙትልህ?»

«እጀታውን እዪው! እጀታውን!»

እጀታውን ስታይ ስለቱ ያገኛታል። የአንዱን ዘንዶ ክንፍ ከሌሎች ጌሞች ዘንዶዎች ጋር ሲያዛምዱ ስንቴ ሞታ እንደተነሳች እሷው ታውቃለች። አንድ ቀንማ ከመታጠቢያ ቤት ሙዚቃውን ብቻ ሰምተው፣ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ «ይቺ ዜማ የውሰት ናት!» እያሉ ብቅ አሉ። ዝም በል ሲባሉ ቅር ይላቸዋል። «አክብሮት እኮ ነው! ሠሪዎቹ ለቀደሟቸው እጅ እየነሱ ነው» ይላሉ።

እሁድ ለት ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ክቡርነታቸው ሌላ ከተማ ተመድበው በማግስቱ ይሄዳሉ፤ ጌሙም የእሳቸው ነውና አብሮ ይሄዳል። የመጨረሻው ቦስ ደግሞ እህትየውን ወራት ሙሉ አፈር ድሜ ሲያስግጣት ከርሟል። ዛሬ ካልጣለችው መቼም አትጥለውም። እግሯ አላርፍ ብሎ ምንጣፉን ይደበድባል፤ በር ላይ የተደረደሩት ሻንጣዎች ያጣድፏታል።

«ዛሬ አንዲት ቃል አትተነፍስም።»

«እሺ።»

«እናቴ ትሙት በል።»

«እናቴ ትሙት!»

«እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አሉ እናት ከጓዳ።

ክቡርነታቸው ቃላቸውን ጠበቁ። ትራስ ታቅፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ምጥ እንደያዛት ሴት ሶፋው ላይ ተገላበጡ። እሷም እንደዚያን ቀን ተጫውታ አታውቅም። ቦሱ ደከመ፤ አንድ ምት ብቻ ቀረው። ያኔ ጎራዴውን ጣለና ከነግዝፈቱ በአንድ እግሩ እየነጠረ ክብ ዞረ።

ዝላዩን የሆነ ቦታ አይታዋለች፤ የት እንደሆነ ግን ጠፋባት። ዘወር ስትል ወንድሟ ትራሱን አፉ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘችው።

«ከየት ነው የመጣው?»

በጣቱ ቴሌቪዥኑን አሳያት። ምቺው ማለቱ ነው።

«ንገረኝ እንጂ!»

«የዶሮዋ ጌም!» ፈነዳ። «ጆይስቲኩ ለእጅሽ ሲተልቅብሽ፣ ጭኔ ላይ ቁጭ ብለሽ የተጫወትናት! ስታሸንፊ ዶሮዋ እንደዚህ ነበር የምትዞረው። ይሄን የሠራው ሰውም ልጅ ሆኖ ተጫውቷታል ማለት እኮ ነው። የትም ይደግ የት፣ እንደኛው ተጫውቷታል!»

ቦሱ ወሬ እስኪያልቅ የሚጠብቅ አልነበረምና ጎራዴውን አንስቶ ለሁለት ከፈላት። ቴሌቪዥኑ ቀላ።

«ውይ! ምን ሆነሽ ነው? አንዲት ምት እኮ ነበር የቀረችሽ!» አለ ወንድሟ ጭንቅላቱን ይዞ።

ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ሶፋው ላይ ከጎኑ ገባች። ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም እንደማያቋርጣት ታወቃት።

«ተወው እሱን» አለችው። «የሌሎቹንም ቦሶች ንገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምር፤ ደግሞ እንዳትቸኩል።»